አሮጌ የባሩድ ሳጥን ገዛሁ፤ በምን ላጽዳው?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። አንድ ያረጀ የእንጨት ሳጥን ገዝቼ ነበር። ሻጩ «የባሩድ ማስቀመጫ ነው» አለኝ። ጎኖቹ ያለ ምስማር ጥርስ ለጥርስ ተጋጥመዋል። ክዳኑ ላይ ያሉት ጥቂት ምስማሮች አረንጓዴ ሆነዋል። አንዱ ጥግ ላይ ጥቁር ዱቄት ተጠራቅሟል። መጻሕፍት ላደርግበት ነው ያሰብኩት። ቫኩም ላድርገው?

አናጢው፦ አረንጓዴው የመዳብ ወይም የነሐስ ዝገት ነው። ብረት ከብረት ሲጋጭ ብልጭታ ስለሚፈጥር የባሩድ ዕቃ የሚሠሩ ሰዎች ብረት ይሸሹ ነበር። ማግኔት አስጠጋበት። ካልሳበው ሻጩ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ከሳበውም ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ በኋላ የጠገነው ሰው ያገኘውን ምስማር መትቶበት ይሆናል።

ጠንቃቃ፦ ኧረ ቫኩሙን ተወው! ሞተሩ ውስጥ ብልጭታ አለ። በቢላም አትፋቀው። ባሩድ 75 በመቶ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 በመቶ ከሰል፣ 10 በመቶ ድኝ ነው። ደረቅ እስከሆነ ድረስ ዕድሜ አያዳክመውም። ክዳኑን ቀስ ብለህ ዝጋ፣ ሳጥኑን ሳታንቀሳቅስ ለፖሊስ ደውል።

ሌላ አባል፦ ውኃ ቢያፈስበትስ? ያበቃለት መስሎኝ።

ጠንቃቃ፦ ውኃ ናይትሬቱን ያሟሟል፣ ልክ ነህ። ግን ታጥቦ ካልወጣ ሲደርቅ እዚያው ይቀራል፣ መልሶም ሊነድ ይችላል። እንጨት ደግሞ ይመጠዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ባለሙያ ይየው።

ሰብሳቢ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ጥርስ ለጥርስ የተጋጠመ ሁሉ የባሩድ አይደለም። ስዊድናዊው ፈልሳፊ አልፍሬድ ኖቤል ዲናሚት ለተባለው ፈንጂ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው በ1867 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ የዲናሚት ሳጥኖችም እንዲሁ ይሠሩ ነበር። እንጨቱ ላይ የዘይት እድፍ የመሰለ ነገር ካየህ እጅህን አትስደድ። ከዲናሚቱ የወጣ ናይትሮግሊሰሪን የሚባል ፈንጂ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ከባሩድ ይብሳል።

ጠያቂ፦ ተመልሻለሁ። እድፍ የለውም፣ ማግኔቱም አልሳበም። ደወልኩ፤ ሁለት ሰዎች መጡ። ዱቄቱን በእርጥብ ጨርቅ ሰብስበው ወሰዱት፣ ትንሽ ባሩድ ነበረበት አሉ። ያን ሁሉ መንገድ መኪናዬ ውስጥ ሲጋራ እያጨስኩ ነው ያመጣሁት! ሳጥኑን ግን ትተውልኛል። አሁን በአሸዋ ወረቀት ላለስልሰው?

ሰብሳቢ፦ እንዳትነካው! ጎኑ ላይ የደበዘዘ ጽሑፍ ካለ ትልቁ ዋጋው እሱ ነው። በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አራግፍና ስስ ሰም ቀባው፣ በቃ።