የድሮዎቹ የአሜሪካ ፉትቦል ኮከቦች ፎቶ ላይ ብቻቸውን የሚሮጡት ለምንድን ነው?

የፒያሳው ፎቶ አንሺ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤት አለኝ፤ እሁድ እሁድ ሆጤ ሜዳ ወርጄ የኳስ ጨዋታ ፎቶ አነሳለሁ። ሰሞኑን የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹን የሬድ ግሬንጅን ፎቶዎች ሳይ አመሸሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1925 የመጨረሻውን የዩኒቨርሲቲ ጨዋታ እንደጨረሰ ቺካጎ ቤርስ የሚባለው የፕሮፌሽናል ቡድን የገባውን፣ 77 ቁጥር ለባሹን ማለቴ ነው። ኳሷን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ አንድ እግሩን አንስቶ ይታያል፤ አጠገቡ ግን የሚያሳድደው ሰው የለም። እያስመሰለ ነው እንዴ?

መምህር ከኮምቦልቻ፦
አዎ ወንድሜ፣ ብዙዎቹ ከጨዋታ በፊት የተነሱ ናቸው። የጋዜጠኞቹ ካሜራ ትልቅ ሣጥን ነበር፤ ፊልሙ ጥቅል ሳይሆን አንድ በአንድ የሚገባ ቅጠል ነው፤ አንዱ ቅጠል አንድ ፎቶ ነው። አንዴ ካነሳህ የፊልሙን መከለያ መልሰህ፣ የፊልሙን መያዣ አውጥተህ፣ ገልብጠህ ማስገባት አለብህ። እስከዚያ ሯጩ መስመሩን አልፏል! ሻተሩ፣ ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ ፈጣን ነበር፤ ግራፍሌክስ የሚባለው ካሜራ እስከ 1/1000 ሰከንድ ይደርሳል። ፊልሙ ግን ብዙ ብርሃን ይፈልጋል፤ ደመና ከመጣ አለቀ።

የፒያሳው ፎቶ አንሺ፦
እግዜር ይስጥልኝ መምህር። የጦሳ ጉም ሲወርድ እኔም ያው ነኝ። አባቴ በ12 ፎቶ ፊልም ሙሉ ጨዋታ ያነሳ ነበር፤ ትንፋሹን ይዞ፣ ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳርፎ ሲጠብቅ አሁንም ይታየኛል።

ሰብለ ደሴ፦
ጋሼ፣ ጋዜጦቹም የግሬንጅን ፊት ይፈልጉት ነበር። በዚያው በ1925 በዲሴምበር ወር ኒው ዮርክ ፖሎ ግራውንድስ ስታዲየም ከ65,000 በላይ ሰው የገባው እሱን ለማየት ነው። የአባትዎን ፎቶዎች እባክዎ ስካን አድርገው ያሳዩን።