ክርክር፦ በደቡብ ሕንድ አውቶቡስ ለሴቶች ነፃ መሆኑ ጠቀመ ወይስ ጎዳ?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቡድን ውስጥ ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ለሕክምና ሕንድ የሄደ ሰው ብዙ ነው። የዛሬውን ጥያቄ ከዚያው አመጣሁት። የታሚል ናዱ ግዛት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ሴቶች በተራ የከተማ አውቶቡስ ሳይከፍሉ እንዲሄዱ ፈቀደች። ካርናታካ በሰኔ 2023፣ ቴላንጋና በታኅሣሥ 2023፣ አንድራ ፕራዴሽ በነሐሴ 2025 ተከተሉ። ኬረላ በእነዚያ ዓመታት አልገባችበትም። አውቶቡሱ ተሻሻለ ወይስ ተበላሸ? ያያችሁትን ይዛችሁ ኑ።

የቤንጋሉሩ፦
እኔ ተበላሸ ባይ ነኝ። እዚህ ቤንጋሉሩ፣ የካርናታካ ዋና ከተማ፣ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ስመጣ ወደ ማይሶር ከተማ በሚሄደው ተራ አውቶቡስ ቅዳሜ ጠዋትም ቢሆን ወንበር አገኝ ነበር። አሁን አውቶቡሱ ገና ሳይቆም በመስኮት መሐረብና ቦርሳ ይወረወራል። መሐረብ ያረፈበት ወንበር ተይዟል ማለት ነው፤ ማንም አይነካውም። ልማዱ የቆየ ነው፣ ብዛቱ ግን የአሁን ነው። ከሦስት ሰዓት በላይ ቆሜ የሄድኩባቸውን ቀኖች ቆጥሬ አልጨርስም። በዚያ ላይ በጥር 2025 ታሪፉ 15 በመቶ ጨመረ። የምንከፍለውም እኛ፣ የምንቆመውም እኛ። ደንቡ ግማሹ ወንበር ለወንዶች ይሁን ይላል። ግን ልጅ ያዘለች እናትን "ተነሺ፣ ይሄ የወንድ ወንበር ነው" የሚል ሰው የት ይገኛል? እኔም አልልም። እናም እቆማለሁ።

ቪዛግ ያለሁት፦
ወንድሜ፣ ግፊያውን አልክድም። እኔ አንድራ ፕራዴሽ ውስጥ ቪሳካፓትናም፣ ባጭሩ ቪዛግ፣ ፒኤችዲዬን እየሠራሁ ነው። ነፃው ለግዛቱ ነዋሪዎች ስለሆነ እኔ እከፍላለሁ። ለኪሴ ብዬ እንደማልከራከር ይታወቅልኝ። ጥናቴ ከከተማው ወጣ ባሉ መንደሮች ነው። የምሄደው "ፓሌ ቬሉጉ" በሚሉት አውቶቡስ ነው፤ በቴሉጉ "የመንደር ብርሃን" እንደማለት ነው። ከሌሎቹ ሁሉ ርካሹ ነው፤ በየመንደሩ ይቆማል።

አንዲት አትክልት ሻጭ አውቃለሁ። ድሮ ምርቷን እቤቷ ድረስ ለሚመጣ ነጋዴ ነበር የምትሰጠው፣ እሱ በቆረጠላት ዋጋ። ለደርሶ መልስ የምታወጣው ገንዘብ ትርፏን ይበላው ነበር። አሁን ቅርጫቷን ይዛ ራሷ ገበያ ትወጣለች። ዋጋ ካልተስማማት ወደሚቀጥለው ገበያ ትሄዳለች፤ መሄጃው አያስከፍላትማ። አማቷን ሆስፒታል የምታደርሰውም እሷ ሆናለች። አንተ "አውቶቡሱ ሞላ" ስትል እኔ የምሰማው "እቤት ተቀምጠው የነበሩ ሰዎች ወጡ" የሚለውን ነው።

የቤንጋሉሩ፦
መውጣታቸውማ ደስ ይለኛል እህቴ። እኔ ያልኩት ሰው ሲጨምር አውቶቡስ አልጨመረም ነው።

ጋሼ ኦስማኒያ፦
ልጆች፣ እኔም ልጨምር። ሐይደራባድ የተማርኩት በ1990ዎቹ ነው። ያኔ አንድራና ቴላንጋና አልተለያዩም፤ የመንግሥቱ አውቶቡስ ድርጅትም አንድ ነበር። የዚያን ዘመን አውቶቡስ ምቹ ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። ወንበሩ እንጨት ይመስል ነበር፤ ዝናብ ሲጥል በመስኮቱ ይገባል። ግን አንድ ነገር አስደንቆኛል። የትም ገጠር ብትሄዱ፣ መንገዱ አልቆ አቧራ በሚሆንበት ቦታ፣ ማታ የሚያድር ጠዋት የሚነሳ አንድ አውቶቡስ አለ። ሐኪም ቤት የሚሄደውም፣ ፈተና ያለበት ተማሪም የሚተማመነው በሱ ነው። የግል አውቶቡስ ያን አያደርግም። እሱ የሚሄደው ትርፍ ወዳለበት ነው፣ አልፈርድበትም።

ታዲያ ተራው አውቶቡስ ሞላ ብለን ሁሉም ወደ ግል እንዲሸሽ ከፈቀድን ምን እንደሚመጣ አስቡ። በጥቅምት 2013 ከቤንጋሉሩ ወደ ሐይደራባድ በሌሊት ይጓዝ የነበረ የግል አውቶቡስ ፓሌም በምትባል ቦታ ተቃጥሎ 45 ሰዎች አለቁ። በጥቅምት 2025 ደግሞ በዚያው መስመር፣ ወደ ቤንጋሉሩ ሲሄድ፣ ሌላ የግል አውቶቡስ ኩርኑል አጠገብ ከሞተር ብስክሌት ጋር ተጋጭቶ ነደደ። ሰዎቹ ተኝተው ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት አልፎ፣ ያው መንገድ፣ ያው እሳት። እኔ ይህን ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ።

የቤንጋሉሩ፦
ጋሼ፣ ስለ ሟቾቹ እኔም ልቤ ያዝናል። ግን የግሉን በአደጋው ብቻ አይለኩት። ስልኬ ላይ ወንበሬን መርጬ እከፍላለሁ። አልጋ አለው፣ አየር ማቀዝቀዣ አለው፣ ሰፈሬ አጠገብ ያወርደኛል። የአውቶቡስ ቲኬት በኢንተርኔት የሚሸጠው ሬድባስ የተጀመረውም እኮ እዚሁ ቤንጋሉሩ ነው፣ በ2006። መሥራቹ ለዲዋሊ በዓል ቤተሰቡ ጋ የሚወስደው ቲኬት አጥቶ ነው ሐሳቡ የመጣለት። ያን ችግር ማን ፈታው? ለበዓል ሰሞን የግሎቹ ዋጋ እንደሚተኮስ አውቃለሁ፤ ፖንጋል ለሚሉት የመኸር በዓል የታሚል ናዱ ዋና ከተማ ቼናይ ሄጄ ቀምሼዋለሁ። ግን ቢያንስ ወንበር አለ።

ጋሼ ኦስማኒያ፦
ልጄ፣ አንተ ያልከው አልጋና ቅዝቃዜ የመንግሥቱም አለው። ካርናታካ "አይራቫት" የሚሉትን ቮልቮ የያዘችው ከስንት ዓመት በፊት ነው! ስሙ በአፈ ታሪካቸው የአምላክ ኢንድራ ነጭ ዝሆን ነው። ጥሩ መሥራት ያቃተው መንግሥት አይደለም። ጥሩውን ለሚከፍል አስቀምጦ ተራውን መርሳቱ ነው ጥፋቱ።

አስታማሚ የነበርኩ፦
እኔ የማውቀው የቼናይን ብቻ ነው። ወንድሜን ለእግር ቀዶ ሕክምና ይዤ ሄጄ ሁለት ወር ቆይቻለሁ። ፊቱና ጀርባው ሮዝ የተቀባ አውቶቡስ መጣ፣ ሳንቲም ይዤ እጄን ዘረጋሁ፣ ቲኬት ቆራጩ ራሱን ነቅንቆ ዜሮ የተጻፈበት ቲኬት ሰጠኝ። መታወቂያ አልጠየቀኝም። የአገር ሰው አለመሆኔ ከፊቴ ይታያል። ሰው አገር፣ ጭንቅ ላይ ሆኜ፣ ገንዘቤ በየቀኑ እያለቀ... አለቀስኩ። የዚያን ቀን አልረሳውም።

ግን ሌላም ልንገራችሁ። የአውቶቡሱ መውጫ ደረጃ ከአስፋልቱ ከፍ ያለ ነው። ወንድሜ በክራንች መውጣት ስላልቻለ እሱን የማመላልሰው በባጃጅ ነበር። ነፃው እኔን ጠቀመኝ፣ እሱን ግን አልጠቀመውም። በ2024 ዝቅ ያለ ወለል ያላቸው አዳዲስ አውቶቡሶች ቼናይ መግባት ጀመሩ ሲባል ሰማሁ። አካል ጉዳተኞች ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ተከራክረውበታል። ስለ ጥራት ስታወሩ እባካችሁ ይሄንንም አስገቡት።

ኮቺ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። እኔ ባለሁባት ኬረላ በእነዚያ ዓመታት ሴቶች ይከፍሉ ነበር። ታዲያ የመንግሥቱ አውቶቡስ ትርፋማ ነበር? አልነበረም። ሠራተኞቹ ደመወዝ በጊዜው ስላላገኙ ለዓመታት ሲጮኹ ኖረዋል። ስለዚህ ኪሳራውን ሁሉ በነፃ ቲኬት ላይ መጫን አይሆንም።

ስለ ግልም ኬረላን እዩ። እዚህ የከተማና የገጠር መስመር ላይ የግል አውቶቡስ በብዛት አለ። ገቢው ከተሳፋሪ ስለሆነ ሁለት አውቶቡሶች አንድ ፌርማታ ላይ ለመቅደም ይሽቀዳደማሉ። ተማሪዎች ደግሞ በቅናሽ ስለሚሄዱ፣ ትንሹ ታሪፋቸው ለዓመታት አንድ ሩፒ ሆኖ ስለኖረ፣ ባለቤቶቹ በየጊዜው አድማ ያስነሳሉ። ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ሁሉም ሰው ተሳፍሮ እስኪያልቅ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ብዙ የማይከፍል ተሳፋሪ በግል አውቶቡስ ላይ ምን እንደሚደርስበት ማወቅ የፈለገ እነዚያን ልጆች ይይ።

የቤንጋሉሩ፦
ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው፣ አላሰብኩትም ነበር። ግን እኔንም መልሱልኝ። የነፃው ገንዘብ ከየት ይመጣል?

ቪዛግ ያለሁት፦
ዜሮ ቲኬት ለምን ይቆረጣል ብለህ አስበህ ታውቃለህ? ለቁጥር ነው። በየቲኬቱ ልክ መንግሥት ለአውቶቡስ ድርጅቱ እንዲከፍል። ካርናታካ ነፃውን ከጀመረች አንስቶ የቆጠረችው ጉዞ በሐምሌ 2025 ላይ 500 ክሮር ሞላ፤ አምስት ቢሊዮን ማለት ነው። ክፍያው ሲዘገይ ነው ችግሩ። አዲስ አውቶቡስ አይገዛም፣ ጎማ አይቀየርም፣ አንተም ትቆማለህ። የምትናደድበት ሰው አጠገብህ የተቀመጠችው ሴት አይደለችም።

ደግሞ የሴቶቹን ሒሳብም ቁጠሩ። የታሚል ናዱ የፕላን ኮሚሽን ባጠናው መሠረት ሴቶቹ በአማካይ በወር 888 ሩፒ ያህል ያተርፋሉ። በቀን ሥራ ለምታድር ሴት ይህ የልጅ ደብተርና የቤት ዘይት ነው።

አንድ ያየሁትን ልጨምርና ላቁም። አንድ ጠዋት ፌርማታ ላይ ስድስት ሴቶች ነበርን። አውቶቡሱ ፍጥነቱን እንኳ ሳይቀንስ አለፈን። ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ሁለተኛውም ሊያልፍ ሲል አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ፣ ቆመ። እኔ ከፋይ ነበርኩ፣ ግን ሹፌሩ ያን ከየት ያውቃል? ቀሚስ ነው ያየው።

ጋሼ ኦስማኒያ፦
እሱ ያማል። ሹፌሩም ግን ሞልቶ በር ላይ ሰው ተንጠልጥሎበት የሚነዳ ሰው ነው። ቢቆም የት ያስገባችኋል?

የቤንጋሉሩ፦
እሺ። ነፃው ይቅር አልልም፤ ከዛሬ በፊት ብዬ ነበር፣ አንስቻለሁ። ግን ማይሶር መስመር ላይ ጠዋት ስንት ተራ አውቶቡስ እንደሚነሳ ሄጄ ቆሜ እቆጥራለሁ። ቪዛግ፣ አንቺም የመንደርሽን ቁጠሪ። ኮቺ፣ አንተም። ቁጥሩን ይዘን እንመለስ።

ቪዛግ ያለሁት፦
የኔ ቀላል ነው፣ በእጅ ጣት ያልቃል። ጠዋት ሁለት፣ ማታ አንድ።