ግራቪቲ ኃይል ነው ወይስ አይደለም? ከጓደኛዬ ጋር ልንጣላ ነው

የአዳማው ልጅ
ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ማታ ፍራንኮ አካባቢ ቡና እየጠጣን ክርክር ተነሳ። ጓደኛዬ አንድ ቪዲዮ አይቶ መጥቶ "ስበት የሚባል ኃይል የለም፣ አንስታይን ካፈረሰው ቆየ" ይለኛል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ "የመሬት ስበት ኃይል" እየተባልኩ ነው የተማርኩት። ፎርሙላ አለው፣ ፈተና ላይም ይመጣል። ኃይል ካልሆነ ድንጋይ ስለቅ ወደ ታች የሚወስደው ምንድነው? የገባው ሰው ያስረዳኝ። "ጎግል አድርግ" የሚል ካለ ይለፈኝ።

ቲቸር ነኝ
ጓደኛህ ግማሹን ይዟል። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ስበትን ኃይል ብሎ አስቀመጠው፣ በሱ ስሌት ዛሬም መንኮራኩር ይመጥቃል። ግን ይሄ ኃይል አንድ ለየት ያለ ጠባይ አለው። አንድ ዓይነት ግፊት ከባዱን በዝግታ፣ ቀላሉን በፍጥነት ነው የሚያንቀሳቅሰው። ስበት ግን ከባድ ቀላል አይልም። በ1971 የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት አየር በሌለበት ጨረቃ ላይ መዶሻና ላባ አንድ ላይ ለቀቀ፣ እኩል ወረዱ።

እንዲህ ያለ ነገር ሌላ የት ታውቃለህ? ባጃጅ ውስጥ። ሹፌሩ አደባባይ ላይ በፍጥነት ሲዞር ወደ በሩ ትሄዳለህ። የገፋህ የለም፤ አንተ ቀጥ ብለህ ልትሄድ ስትል ባጃጁ ነው የዞረው፣ ለዚህም ነው ወፍራሙም ቀጭኑም እኩል የሚንሸራተተው። አንስታይን በ1907 ከጣሪያ የሚወድቅ ሰው የራሱ ክብደት እንደማይሰማው ልብ አለ። በ1915 ጨረሰው፦ ቁስ ቦታንና ጊዜን ያጎብጣል፣ የሚወድቅ ነገር በዚያ ጎባጣ ውስጥ ቀጥተኛ መንገዱን ይሄዳል። ስለዚህ የለቀቅከው ድንጋይ ላይ ኃይል የለም። ኃይል ያለው እጅህ ላይ እያለ ነው፤ እጅህ ወደ ላይ እየገፋው።

ሲቪል ኢንጂነር
ቲቸር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ "ኃይል አይደለም" ተብሎ ፎቅ አይሠራም። ኮለን (ምሰሶ) ስናሰላ ክብደቱን ኃይል ብለን ነው፣ ሕንፃዎቹም ቆመዋል። ደግሞ የባጃጁ ነገር ባጃጁ ሲቆም ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ስበት እንደዛ አይጠፋም። ሁለት ድንጋይ ተራርቀው ከከፍታ ቢለቀቁ ሁለቱም ወደ ምድር መሐል ስለሚሄዱ ትንሽ ትንሽ እየተቀራረቡ ነው የሚወርዱት። ውቅያኖስ በቀን ሁለቴ ከፍ ዝቅ የሚለውም ጨረቃ ቅርቡንና ሩቁን እኩል ስለማትስብ ነው።

ቲቸር ነኝ
ስለ ፎቁ አልከራከርህም፣ ለዛ ኒውተን ይበቃል። ሁለተኛው ነጥብህ ግን እኔን ነው የሚያግዘው። በነፃ ስትወድቅ ክብደትህ ይጠፋል፣ የድንጋዮቹ መቀራረብ ግን አይጠፋም። አንስታይን ጉብጠት ብሎ የጠራው ያንን የማይጠፋውን ነው።

ሰባራ ስክሪን
ፍልስፍና ከመሰላችሁ ስልካችሁን እዩ፣ ጊዜም ይጎብጣል የተባለው እዚያ ይታያል። የጂፒኤስ ሳተላይት ሰዓት ከመሬቱ በቀን 38 ማይክሮ ሴኮንድ (የሴኮንድ ሚሊዮንኛ) ይቀድማል። ስበቱ እዚያ ስለሚቀንስ 45 ይፈጥናል፣ ሳተላይቱ በፍጥነት ስለሚሄድ ደግሞ 7 ይዘገያል። ካልታረመ ስህተቱ በቀን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ ማለትም ፖስታ ቤት ጋ ቆመህ የጠራኸው ታክሲ ከከተማ ውጭ ሲፈልግህ ይውላል። የሜርኩሪ ምህዋርም አለ፤ በኒውተን ስሌት በመቶ ዓመት 43 አርክሴኮንድ (አንዱ የዲግሪ 3600ኛ ነው) ልዩነት እያሳየ ሲያስጨንቅ ኖሮ በአንስታይን ልክ መጣ።

ለጓደኛህ ደግሞ ይሄን አሳየው፦ የአክስለሮሜትር (የፍጥነት ለውጥ መለኪያ) አፕ ጫንና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ። 9.8 ይላል (ሜትር በሴኮንድ ካሬ)፣ አቅጣጫው ወደ ላይ ነው። ከዛ ትራስ ላይ ጣለው። እየወደቀ እያለ ዜሮ ጋ ይደርሳል። ስልኩ የሚያውቀው የጠረጴዛውን ግፊት ብቻ ነው። ትራሱን አትርሳ፣ ስሜን አይተሃል።

የአዳማው ልጅ
ሞከርኩት፣ እውነትም ዜሮ ጋ ወረደ! ግን ጠረጴዛ ላይ 9.78 ነው የሚለኝ፤ መጽሐፉ 9.81 አይደል የሚለው? ፈተና ላይስ ምን ልጻፍ?

ቲቸር ነኝ
ፈተና ላይ ኃይል ነው በል፣ ጥያቄው የኒውተን ነው። የአዳማ ቁጥር በትክክልም 9.78 ገደማ ነው። ምድር ስለምትሽከረከርና ወገቧ ላይ ስለምትሰፋ በምድር ወገብ 9.78፣ በዋልታዎች 9.83 ነው፣ እኛ ደግሞ ለወገቡ ቅርብ ነን። ከፍታችንም ይቀንሳል፣ ግን በጣም ጥቂት። የስልክህ ቁጥር ግን አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፣ መለኪያው ትንሽ ሊስት ይችላል፤ ገልብጠህ አስቀምጠውና ድጋሚ አንብበው።