ከዴልሂ ወደ ጓሊዮር ቤተ መንግሥት፣ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይቻላል?

የደሴዋ፦
ሰላም ወገኖቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? እናቴን ለሕክምና ይዤ በሚቀጥለው ወር ዴልሂ ልሄድ ነው። የምርመራው ውጤት እስኪደርስ ሦስት ቀን እንጠብቃለን ተብለናል፣ እህቴም አብራን ስለምትሄድ አንዱን ቀን እኔ ወጣ ማለት እችላለሁ። ሰው ሁሉ ታጅ ማሃልን እይ ይለኛል። የኔ ልብ ግን ጓሊዮር የሚባል ከተማ ያለው ጃይ ቪላስ ቤተ መንግሥት ላይ ነው። ፎቶውን ሳየው ነጭ ነው፣ ዓምዱ ተደርድሮ ልክ ጣሊያን አገር ያለ ይመስላል። ጓደኛዬ «ሕንድ ድረስ ሄደሽ የፈረንጅ ቤት ልታዪ ነው?» ብላ ስትከራከረኝ ግን አመነታሁ። ያያችሁት ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

ኮምቦልቻ፦
አብሽሪ እህታለም፣ ይቻላል። ለእናትሽ አላህ አፊያቸውን ይመልስላቸው። እኔ ዴልሂ ስማር ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ በፈጣን ባቡር አራት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ጧት 12 ሰዓት ላይ ከተነሳሽ ረፋዱ ላይ ትደርሻለሽ፣ ማታ ትመለሻለሽ። ትኬቱን ግን ቀደም ብለሽ ቁረጪ፣ የሕንድ ባቡር ቶሎ ይሞላል። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያለው ሙዚየም በሳምንት የሚዘጋበት ቀን ስላለው እሱንም ሳትጠይቂ እንዳትነሺ።

ከውስጥ አፍሽን የሚያስከፍትሽ የንጉሡ እንግዳ መቀበያ አዳራሽ ነው። ከጣሪያው ሁለት ትልልቅ የክሪስታል መብራቶች ተንጠልጥለዋል፣ እያንዳንዳቸው 3.5 ቶን ያህል ይመዝናሉ። በኛ ሂሳብ 35 ኩንታል ጤፍ ጣሪያ ላይ ሰቅለሽ ከሥሩ እንደ መቀመጥ ነው! ጣሪያው መቻሉን ለማረጋገጥ መጀመሪያ ዝሆኖች ላዩ ላይ አውጥተው ነበር ብለው ይተርኩልሻል። የመመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ገበታው ላይ ሐዲድ ተዘርግቶ ትንሽ የብር ባቡር አለች። መጠጥና ሲጋራ ጭና በእንግዶቹ ፊት ትዞራለች፣ አንዱ እንግዳ ጠርሙሱን ሲያነሳ ትቆማለች። እኔ እሷ ጋ ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም።

የሐይቁ መምህር፦
ልጄ፣ እናትሽን እግዜር ይማራቸው። የጓደኛሽ ጥያቄ ቀላል አይደለም፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም። ቤቱን ያሠሩት የጓሊዮር ንጉሥ ጃያጂራኦ ሲንዲያ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1874፣ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ከመደረጉ አራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ንድፉ የማይክል ፊሎስ ነው። የታችኛው ፎቅ በቱስካን፣ መካከለኛው በዶሪክ፣ የላይኛው በቆሮንቶስ ዓምድ ነው የቆመው፤ ሦስቱም የጥንት ሮማና ግሪክ የዓምድ ዓይነቶች ናቸው። የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ፣ ኋላ ኤድዋርድ 7ኛ የተባሉት፣ በ1876 ሲመጡ እዚሁ ነው አቀባበል የተደረገላቸው።

አሁን ቀና ብለሽ ኮረብታውን እዪ። ያ ትልቅ ምሽግ የከተማዋ የጥንት መንበር ነው። በ1858፣ ሕንዶች በእንግሊዝ ላይ ባመፁ ጊዜ፣ የጃንሲዋ ንግሥት ላክሽሚባይ ጓሊዮር ላይ ስትዋጋ ወደቀች፤ ሲንዲያ ከእንግሊዝ ጎን ነበሩ። እንግሊዞቹ ግን ምሽጉን ያዙት፣ እስከ 1886 አልመለሱትም። እንግዲህ ንጉሡ ይህን ሁሉ የፈረንጅ ዓምድ ከታች ሲያስቆሙ የእንግሊዝ ጦር ከላይ፣ ከገዛ ምሽጋቸው ሆኖ ቁልቁል ያያቸው ነበር። እኔ ያን ቤት የፈረንጅ ቤት ብዬ ማለፍ የማልችለው ለዚህ ነው። በእንግዳው ቋንቋ «እኔም ንጉሥ ነኝ» የሚል ሰው ቤት ነው።

ደግሞ አንቺ የደሴ ልጅ ነሽ። ከመሄድሽ በፊት የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ አንዴ እዪው። ስሙን ያገኘው ድኻ ሀብታም ሳይል ሁሉን ስላበላ ነው። ከዚያ ያቺን የብር ባቡር ስታዪ ማን ለማን ግብር ያበላ እንደነበር ራስሽ ታነጻጽሪያለሽ።

ከጊዜሽ ከተረፈ ወደ ምሽጉ ውጪ፣ ማን ሲንግ የሚባሉ የጥንት ንጉሥ ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ በሰማያዊ ሸክላ መሐል የተደረደሩ ቢጫ ዳክዬዎች አሉ። ከጃይ ቪላስ 350 ዓመት ገደማ ይቀድማል። ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ነው ደጉ።

ኮምቦልቻ፦
መምህር እውነትዎን ነው፣ እኔ ምሽጉ ላይ እንግሊዝ እንደነበረ አላወቅኩም ነበር። እህቴ፣ አንድ ነገር ረስቼ፦ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ከሆነ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ የኛ ባቲ ምንም አይደለችም። ውኃ ያዢ። ጾመኛ ከሆንሽ ደግሞ ሥጋ የለበትም ያሉሽ ሁሉ የጾም አይደለም፣ ፓኒር የሚሉት አይብ ነው፣ ቅቤም ይገባበታል።

የደሴዋ፦
ጋሼ፣ ኑሩልኝ። አይጠየፍን በየቀኑ በደጁ አልፋለሁ፣ ገብቼበት ግን አላውቅም። ነገ እናቴን ይዣት እሄዳለሁ። ጓሊዮርንም ቆርጫለሁ፣ የባቡሯን ፎቶ እልክላችኋለሁ ኢንሻአላህ።