የአሜሪካ ወንጌላውያንን ወደ ፖለቲካ ያስገባቸው ፅንስ ማቋረጥ ነው ወይስ ግብር?

ታዛቢው፦ ሰላም ለሁላችሁ። በዜና «ወንጌላውያን ሪፐብሊካኖችን ይደግፋሉ» ሲባል ሁሌም ይሰማል። «ወንጌላውያን» የሚባሉት በትክክል እነማን ናቸው? ፖለቲካ ውስጥ የገቡት ፅንስ ማቋረጥን በፈቀደው የ1973ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርድ ተቆጥተው ነው መባሉስ እውነት ነው? (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁኑ።) ሌላው፣ ከግብር ነፃ የሆነች ቤተ ክርስቲያን ከመድረኳ ላይ ለእጩ መቀስቀስ ትችላለች?

ብዕረኛ፦ ከቃሉ ልጀምር፤ አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከዚያ ነው። እኛ «ወንጌላውያን» ስንል ሙሉ ወንጌሉን፣ ቃለ ሕይወቱን፣ መካነ ኢየሱሱን አንድ ላይ ነው። የአሜሪካ ምርጫ ዘገባ ግን ነጮቹን ለይቶ ይቆጥራል። ጥቁሩ ባፕቲስት በእምነት ከነጩ ብዙ ባይርቅም ድምፁ በአብዛኛው የዴሞክራቶች ነው።

ቁጥሩም ያደናግራል። በ2016 ከምርጫ ጣቢያ ሲወጡ ከተጠየቁት መራጮች «ነጭ ነኝ፣ ዳግም የተወለድኩ ወይም ወንጌላዊ ነኝ» ያሉት 26 በመቶ ያህል ናቸው፤ ከእነሱም 81 በመቶ ገደማ ለትራምፕ ድምፅ ሰጥተዋል። ፒ.አር.አር.አይ የተባለው የጥናት ተቋም ግን ነጭ ወንጌላውያን ፕሮቴስታንቶች በ2020 ከሕዝቡ 14.5 በመቶ ብቻ እንደሆኑ፣ በ2006 ደግሞ 23 በመቶ እንደነበሩ አስልቷል። አንዱ የሚቆጥረው ድምፅ የሰጠውን ነው፣ ሌላው ሕዝቡን። በዚያ ላይ ለምርጫ ጣቢያው ጥያቄ ካቶሊኩም «አዎ» ሊል ይችላል። «የአሜሪካ ሩብ ወንጌላዊ ነጭ ነው» የሚል ዘገባ ካያችሁ ሁለቱን ያምታታ ነው፣ እለፉት።

ወደ ታሪኩ ስንመጣ፣ ትልቁ የፕሮቴስታንት ማኅበር የደቡብ ባፕቲስት ጉባኤ በ1971 ሴንት ሉዊስ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ፅንስ ማቋረጥ ለአስገድዶ መድፈር፣ በዘመዳሞች መካከል ለተፈጠረ እርግዝና፣ ለከባድ የፅንስ ጉድለት፣ ለእናቲቱ የአካልም የአእምሮም ጤና ሲባል በሕግ እንዲፈቀድ ጠይቆ ነበር። የእናትን ሕይወት ከማዳን በቀር ይከልከል ወደሚለው የዞረው በ1980 ነው። የ1973ቱ ፍርድ በወጣ ማግስት የጮኹት በዋናነት ካቶሊኮች ናቸው።

ቀድሞ የፈነዳው የትምህርት ቤቶች ጉዳይ ነው። በ1971 የፌዴራል ፍርድ ቤት በዘር የሚለዩ የግል ትምህርት ቤቶች ከግብር ነፃ ሊሆኑ አይገባም አለ። ደቡብ ካሮላይና ያለው ቦብ ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች እንዳይጠናኑ ይከለክል ስለነበር በ1976 ከግብር ነፃ መሆኑ ተሰረዘ። በ1978 ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት (አይ.አር.ኤስ) ደንቡን በሌሎች የግል ትምህርት ቤቶችም ላይ ሊያጠብቅ ሲል የተቃውሞ ደብዳቤ ጎረፈ፤ ኮንግረስም በ1979 አገደው። በ1965 ሰባኪ ፖለቲከኛ ሊሆን አልተጠራም ብሎ የሰበከው ጄሪ ፎልዌል «ሞራል ማጆሪቲ» የተባለውን የወግ አጥባቂ ክርስቲያኖች የፖለቲካ ድርጅት ያቋቋመው በዚሁ በ1979 ነው። ዩኒቨርሲቲው በጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1983 በ8 ለ 1 ድምፅ ተረታ።

የቨርጂኒያው፦ ብዕረኛ፣ ስለ ትምህርት ቤቶቹ ያልከው ልክ ነው፤ ግን ፅንስ ማቋረጥን ዘግይቶ የተለጠፈ ሰበብ ካደረግነው እናጋንናለን። የ1978ቱን የአይዋ ግዛት የሴኔት ምርጫ እይ። ከምርጫው በፊት በነበረው እሑድ የፅንስ ማቋረጥ ተቃዋሚዎች በአብያተ ክርስቲያናት የመኪና ማቆሚያ ወረቀት በተኑ፤ ያሸንፋል የተባለው ዴሞክራቱ ዲክ ክላርክ ተሸነፈ። ቀስቃሾቹ ጉዳዩ ድምፅ እንደሚያመጣ ያዩት ያኔ ነው። የግብሩ ጉዳይ መሪዎቹን ሰበሰበ፣ ምዕመኑን ግን ያንቀሳቀሰው ፅንስ ማቋረጥ ነው እላለሁ።

ጉልበታቸው ደግሞ ከብዛት ይልቅ ከቦታና ከጊዜ ነው። በፓርቲ ውስጥ ቅድመ ምርጫ የሚወጣው ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ የተደራጀ ጉባኤ ሚዛኑን ይደፋል። በ1988 የቴሌቪዥን ሰባኪው ፓት ሮበርትሰን በተለምዶ ቀድማ በምትመርጠው አይዋ ላይ ምክትል ፕሬዚዳንቱን ቡሽን አስከትሎ ሁለተኛ ወጣ። በወንጌላውያን ድጋፍ ሃካቢ በ2008፣ ሳንቶረም በ2012፣ ክሩዝ በ2016 አይዋን አሸነፉ፤ አንዳቸውም ግን የፓርቲው እጩ አልሆኑም። አይዋ ብቻውን አያደርስም፤ ገንዘብና ትልልቅ ግዛቶች ይቀራሉ። ትዕግሥታቸው ፍሬ ያፈራው በዳኞች ሹመት ነው፦ ትራምፕ የሾማቸው ሦስቱ ዳኞች የ1973ቱን ፍርድ በሰኔ 2022 ከሻሩት አምስት መካከል ናቸው።

ገብረ ሕግ፦ የግብሩን ጥያቄ እኔ ልመልስ። እገዳው በ1954 በሴናተር ሊንደን ጆንሰን የገባ ነው፤ 501(ሲ)(3) የተባለ፣ ማለትም በዚህ የሕግ ቁጥር ከግብር ነፃ የሆነ የሃይማኖት ወይም የበጎ አድራጎት ድርጅት ሁሉ እጩ መደገፍም መቃወምም አይችልም። ስለ ጉዳዮች መስበክ፣ ወገን ሳይለዩ መራጭ ማስመዝገብ፣ ሁሉንም እጩዎች በእኩል ጋብዞ ማወያየት ግን ይፈቀዳል። የሕግ ረቂቅንና ሕዝበ ውሳኔን መደገፍም ይቻላል፣ የሥራው ትልቅ ክፍል እስካልሆነ። ፓስተሩ እንደ ግለሰብ፣ ከቤተ ክርስቲያኗ ስምና ገንዘብ ውጭ፣ የፈለገውን መደገፍ ይችላል።

ጥሶ የተቀጣ ጥቂት ነው። የታወቀው በኒውዮርክ ግዛት ቢንግሃምተን የነበረች ቤተ ክርስቲያን ናት። የ1992ቱ ምርጫ አራት ቀን ሲቀረው ክሊንተንን በመቃወም በሁለት ጋዜጦች ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አወጣች፤ ግርጌው ላይ ደግሞ ለማስታወቂያው የሚሰጥ መዋጮ ከግብር ተቀናሽ እንደሆነ ጻፈች። ማስረጃውን በገዛ እጇ አስረከበች ማለት ነው። ከግብር ነፃ መሆኗ በ1995 ተሰረዘ፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2000 አጸናው።

ታዛቢው፦ ትራምፕ ይህን ሽሯል ሲባል ሰምቼ ነበር። እዚያ ያሉ የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናትስ?

ገብረ ሕግ፦ አልሻረውም። የግንቦት 2017 ትእዛዙ አይ.አር.ኤስ እንዳይጠነክር ከማዘዝ አላለፈም፤ ሕጉን መለወጥ የሚችለው ኮንግረስ ነው። በሐምሌ 2025 አይ.አር.ኤስ ለቴክሳስ ፍርድ ቤት ባቀረበው ስምምነት፣ በአምልኮ ሰዓት ለራስ ምዕመን ስለ እጩ መናገር እንደ ቤተሰብ ጭውውት ነው አለ። ስምምነቱ የተዘጋጀው ግን ለከሳሾቹ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት ነው።

501(ሲ)(3) የሆነ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ በዚሁ ሕግ ይዳኛል፤ ኦርቶዶክስም ይሁን ጴንጤ። ለቦርዱ ወይም ለሰበካ ጉባኤው ዋናው ጥንቃቄ ገንዘብ ነው። ለእጩ በወጣ ገንዘብ ላይ ተቋሙ 10 በመቶ፣ እያወቀ የፈቀደው ኃላፊ 2.5 በመቶ ይከፍላሉ፤ ወጪው ካልታረመ ተቋሙ ላይ 100 በመቶ ይሆናል። አዳራሹን ለአንዱ እጩ በነፃ መስጠትም ከዚሁ ይቆጠራል። የሚከራይ ከሆነ ለሌላው በሚከራይበት ዋጋ፣ ለጠየቀ ሁሉ፣ በደረሰኝ ይከራይ።