ካርቦን ፋይበርን በወጥ ቤት ኦቨን ማድረቅ፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁም። የመጀመሪያው ረቂቅ ይኸውና። ዓላማ፦ አባላት የሚሠሯቸውን ትንንሽ የካርቦን ፋይበር ዕቃዎች (የድሮን ክንድና ሽፋን፣ የብስክሌት ዕቃ፣ የእግር ድጋፍ) በወጥ ቤት ኦቨን ማድረቅ። አሠራር፦ እያንዳንዱ አባል ቤቱ ባለው ኦቨን፣ በአንድ የጋራ መመሪያ። ቁሳቁስ፦ ሬዚን (የሚጠነክር ሙጫ) አስቀድሞ የጠጣ የካርቦን ጨርቅ፣ ፕሪፕሬግ የምንለው፤ በሞልድ (ቅርጽ መስጫ) ላይ ተነባብሮ በፕላስቲክ ከረጢት ይታሸጋል፤ አየሩም በፓምፕ ይመጠጣል (ቫኪዩም)። ሙቀት፦ 120 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት። በጀት፦ ከመዋጮ። የማትስማሙበትን አንቀጽ ጠቅሳችሁ በምትኩ የሚገባውን ጻፉልኝ። «ይስተካከል» የሚል ብቻ ከሆነ ቃለ ጉባኤ ላይ ማስፈር አልችልም።

የኤሌክትሪክ ሥራ አባል፦ የሙቀቱ አንቀጽ እንዲህ መቆየት የለበትም። 120 የተባለው የምን ሙቀት ነው? የኦቨኑ ማዞሪያ የሚያሳየው፣ ውስጥ ያለው አየርና የሞልዱ ሙቀት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የወጥ ቤት ቴርሞስታት እየቆረጠና እየቀጠለ ከተሞላበት ቁጥር ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ወዲያና ወዲህ ይላል። ለዳቦ ምንም አይደለም፤ ለሬዚን ብዙ ነው። በዚያ ላይ የላይኛው ኤለመንት ሲግል አየሩን ሳይጠብቅ በጨረር ከረጢቱን በቀጥታ ይመታዋል። አየሩ 80 እያለ የከረጢቱ እጥፋት ጫፍ ሊቀልጥ ይችላል።

የማቀርበው ይህ ነው። አንደኛ፣ ፋን ያለው የኤሌክትሪክ ኦቨን ብቻ። የጋዝ ኦቨን ክፍት ነበልባል አለው፤ ሞልድ በአሴቶን በተጠረገበት ቤት አይታሰብም። ሁለተኛ፣ በኤለመንቱና በዕቃው መካከል የብረት ትሪ ይግባ፤ በዙሪያው ለአየር 3 ሳንቲ ሜትር ይተው። ሦስተኛ፣ ሙቀቱን የሚመራው ማዞሪያው ሳይሆን ፒአይዲ መቆጣጠሪያ (ሙቀቱን እያነበበ ኤለመንቱን የሚያበራና የሚያጠፋ) ከኬ ዓይነት ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ ሽቦ) ጋር ይሁን። 2.5 ኪሎ ዋት ኦቨን በ220 ቮልት ከ11 አምፔር በላይ ይስባል፤ ስለዚህ 25 አምፔር ሶሊድ ስቴት ሪሌይ (የኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያ) ከነማቀዝቀዣ ብረቱ። ይህ ሪሌይ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ እንደተዘጋ ነው የሚቀረው፤ ማለትም ማሞቁን አያቆምም። ስለዚህ የኦቨኑ የራሱ ቴርሞስታት አይነቀል። 100 ላይ ተሞልቶ በመስመሩ ላይ ይቆይ፤ ሪሌዩ ቢከዳ እሱ ይቆርጣል። ፋኑ ግን ለብቻው ይገጠም፤ ኤለመንቱ ሲቆረጥ ፋኑ መቆም የለበትም።

ቴርሞካፕሎቹ ሁለት ይሁኑ። አንዱ ፋኑ አጠገብ፣ አንዱ ሞልዱ በጣም የሚወፍርበት ቦታ ተለጥፎ፣ ከአየሩ በቁራጭ ጨርቅ ተከልሎ። የቆይታው ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው ዘግይቶ የሚሞቀው ሲደርስ ነው። ወፍራም የአሉሚኒየም ሞልድ ከአየሩ ብዙ ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል፤ አየሩን አይቶ ሰዓት የያዘ ሰው ያልበሰለ ዕቃ ያወጣል።

የማቀዝቀዣ ባለሙያ፦ ወንድሜ ያልከው ልክ ነው፤ ሁለት ነገር ልጨምር። ሁለቱም ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ከውጭ የመጣ መመሪያ አይነግረንም።

ቴርሞካፕል ስትፈትሹ በረዶ የተቀላቀለበት ውኃ 0 ያሳያል፤ ጥሩ። የፈላ ውኃ ግን እዚህ 100 ሳይሆን ወደ 92 ገደማ ነው። «92 ያሳያል፣ ተበላሽቷል» ብሎ 8 ዲግሪ የጨመረበት ሰው ጤነኛውን መሣሪያ አበላሸው ማለት ነው።

ሁለተኛው ቫኪዩም ነው። በባሕር ጠለል አየር በከረጢቱ ላይ 101 ኪሎ ፓስካል ይጫናል፤ እዚህ ወደ 76 ነው። ስለዚህ ፓምፑ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ጌጁ (የጫና መለኪያው) ከ0.76 ባር አያልፍም፤ በኢንች ከሆነ 22 ተኩል አካባቢ ይቆማል። መመሪያው 28 ይላል ተብሎ የሌለ ቀዳዳ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ሬዚኑ ደግሞ እስከዚያ ይጠነክራል። ረቂቁ ላይ የሚጻፈው የጌጁ ቁጥር ሳይሆን የመፍሰስ ፈተና ይሁን፦ ቫልቩ ተዘግቶ በ10 ደቂቃ ከ1 ኪሎ ፓስካል በላይ ካልወረደ ያልፋል።

ጫናው ሩብ ያህል ማነሱ በሥራው ላይም ይታያል። የአውሮፕላን ክፍሎች የሚበስሉበት አውቶክሌቭ ወደ 6 ባር ይጫናል፤ እኛ 0.76። አየር አረፋ ሆኖ በሬዚን ውስጥ የሚቀረው ጫና ሲያንስ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ንብርብር በሮለር አየሩን እያስወጡ መጫን እዚህ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ግዴታ ነው። በሌላ በኩል 0.76 ትንሽ እንዳይመስላችሁ፤ 40 በ35 ሳንቲ ሜትር ሞልድ ላይ ከ1,000 ኪሎ በላይ ይጫናል። ውስጡ ባዶ የሆነና ከጀርባው ድጋፍ የሌለው ሞልድ ይሰምጣል።

ፓምፑ የአሮጌ ፍሪጅ ኮምፕረሰር መሆን ይችላል፤ ጋዙ በባለሙያ ከተሰበሰበ በኋላ። ዘይት ስለሚተፋ መውጫው ላይ ማጠራቀሚያ ይደረግ። ያለ ዕረፍት ሲሠራ ስለሚግል የአየር ታንክና በጫና የሚቆርጥ ስዊች ያስፈልገዋል። ከከረጢቱ ጋር ሲገናኝ የማይመልስ ቫልቭ ይግባበት፤ ያለሱ መብራት በጠፋ ቁጥር አየር ተመልሶ ይገባል። ኦቨን ውስጥ የሚያልፈው ቱቦ ሩብ ኢንች የፍሪጅ መዳብ ይሁን። ስስ ሲልከን በቫኪዩም ይጣበቃል፤ በበሩ መሐል ካለፈ ደግሞ ይጨፈለቃል።

የድሮን ሠሪ፦ ፕሪፕሬጉ እንዳይወጣ እጠይቃለሁ። የሬዚኑ መጠን በፋብሪካ የተለካ ነው፤ እጅ አይቆሽሽም፤ ንብርብሩን በመቀስ ቆርጦ በእርጋታ ማስቀመጥ ይቻላል። እጅ በእጅ የሚቀባው ግን ከሰው ሰው ይለያያል።

የሞልድ ሥራ አባል፦ ጥቅሙን አልክድም። ግን ፕሪፕሬግ −18 ዲግሪ ፍሪዘር ይፈልጋል፤ ከፍሪዘር ውጭ የቆየበት ሰዓት ሁሉ ይመዘገባል፤ መብራት የጠፋባቸው ሰዓታት ጭምር። ሲወጣም በታሸገበት ፕላስቲክ ውስጥ እንዳለ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠበቃል። ቸኩለን ከከፈትነው ጤዛ ይይዛል፤ ያ ውኃ ኦቨን ውስጥ እንፋሎት ሆኖ በንብርብሮቹ መካከል ይነፋል። ከላይ በተባለው ዝቅተኛ ጫና ደግሞ የበለጠ።

ዋናው ምክንያቴ ግን መብራት ነው። ፕሪፕሬግ የሚጠነክረው ኦቨኑ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሙቀቱ መሐል ላይ ከተቋረጠ ዕቃው አደጋ ላይ ነው። በእጅ የሚቀባው ኤፖክሲ (ከሃርድነር፣ ማለትም ከማጠንከሪያው ጋር የሚቀላቀል ሬዚን) ግን በቫኪዩም ሥር በክፍል ሙቀት ያድራል፤ ይጠነክራል፤ ኦቨኑ የሚመጣው ዕቃው ሙቀት እንዲችል ለማድረግ ነው። በዚያ ጊዜ መብራት ቢጠፋ በሩን ሳይከፍቱ መጠበቅ፣ ሲመጣ ካቆመበት ሙቀት ጀምሮ መቀጠል ብቻ ነው። ከታሰበው ሙቀት በታች ያለፈው ሰዓት አይቆጠርም። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር በእጅ የሚቀባ ኤፖክሲ፣ ጣሪያው 80 ዲግሪ፤ ፕሪፕሬግ በሁለተኛው ዙር ይሁን እላለሁ።

ለመለኪያ፦ 200 ግራም ጨርቅ 4 ንብርብር ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ግማሽ ካሬ ሜትር ዕቃ በ4 ንብርብር 400 ግራም ጨርቅ ነው፤ የተቀላቀለ ሬዚንም ያንኑ ያህል፣ ለብክነት 15 በመቶ ተጨምሮ 460 ግራም። ቅልቅሉ በሚዛን እንጂ በዓይን አይሁን፤ የሃርድነሩን መጠን አምራቹ ካለው ማብዛት አያፈጥነውም፤ ያልተጣመረ ሃርድነር ውስጥ ቀርቶ ያለሰልሰዋል። የተቀላቀለው በጠባብ ኩባያ ከቆየ በራሱ ሙቀት ይግላል፤ ሰፋ ያለ ትሪ ላይ ይፍሰስ።

ከዕቃው በላይ የሚደረበው በተራ፦ ከደረቀ በኋላ የሚላጥ ጨርቅ፣ የተበሳሳ ፊልም፣ አየር አሳላፊ ጨርቅ፣ ከረጢት። ለሚላጠው ጨርቅ ከመርካቶ የሚገዛ የፖሊስተር ገበር ይሠራል፤ ግን ሲልከን የተቀባ ሊሆን ስለሚችል በቁራጭ ይፈተሽ። ለአየር አሳላፊው የብርድ ልብስ መሙያ ፖሊስተር ይበቃል። ከረጢቱ ከሞልዱ በሲሶ ይስፋ፤ በየማዕዘኑ እጥፋት ይተውለት። እጥፋት ከሌለው ፕላስቲኩ ማዕዘኑ ላይ እንደ ድልድይ ተወጥሮ ይቀራል፤ ከሥሩ ሬዚን ይጠራቀማል፤ ሲደርቅ ዳሩ ላይ ጨርቅ የሌለበት፣ እንደ ብርጭቆ የሚሰበር ጥግ ይወጣል። ተራ የላስቲክ ከረጢት 80 ላይ ይለሰልሳል፤ ናይለን ፊልም ያስፈልጋል። ለትንሽ ዕቃ ዶሮ የሚጠበስበት የኦቨን ከረጢት ይበቃል።

የእግር ድጋፍ ሠሪ፦ ወንድሞቼ፣ የማልስማማው «ቤቱ ባለው ኦቨን» በሚለው ነው። ያልደረቀ ኤፖክሲና ሃርድነሩ ሲሞቁ የሚወጣው ትነት በኦቨኑ ግድግዳና በፋኑ ላይ ይቀመጣል፤ በማግስቱ የሚጋገረው ድፎ ያንን ይዞ ይወጣል። በሳሙና ማጠብ አይበቃም። ቆዳም ኤፖክሲን አንድ ጊዜ ከጠላ አለርጂው ዕድሜ ልክ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥቂቱም ያሳክካል፤ ሰውየው ሙያውን ይተዋል። ስለዚህ እንዲህ ይጻፍ፦ «ማኅበሩ ከምግብ ሥራ የወጣ አንድ ኦቨን ይገዛል፤ ከመኖሪያ ቤት ውጭ ያስቀምጣል፤ መሰኪያው በኢንዱስትሪ ፕለግ ይቀየራል።» ፕለጉ ከተቀየረ ማንም ለበዓል ወደ ወጥ ቤት ሊመልሰው አይችልም።

ጓንት ናይትራይል ይሁን፤ በየሰዓቱ ይቀየር። እጅ በአሴቶን አይጠረግ፤ ሬዚኑን አሟሙቶ ወደ ቆዳ ያስገባዋል። ማለስለስ በውኃ በራሰ የብርጭቆ ወረቀት ነው፤ በደረቁ ከሆነ ብናኝ የሚያጣራ ኤፍኤፍፒ3 ጭምብል። ብናኙ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ከመቆጣጠሪያው ሣጥን ይራቅ።

የሞልድ ሥራ አባል፦ እህቴ ያልሽው ይግባ፤ የእኔን ድምፅ ቁጠሩት። ስለ ሞልዱ የቀረኝን ልጨርስ። በፒኤልኤ ፕላስቲክ በ3ዲ ፕሪንተር የታተመ ሞልድ በ60 ዲግሪ ይለሰልሳል፤ ኦቨን አይግባ። አሉሚኒየም በ100 ዲግሪ ልዩነት በግማሽ ሜትር ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ይለጠጣል፤ ካርቦኑ ግን ከቦታው አይነቃነቅም ማለት ይቻላል። ቱቦ በአሉሚኒየም ዘንግ ላይ ከተጠቀለለ ይህ ይጠቅማል፤ ሲቀዘቅዝ ዘንጉ ተኮማትሮ ይወጣል። ዕቃው ገብ ያለ ሞልድ ውስጥ ከሆነ ግን ሞልዱ ሲቀዘቅዝ ይጨመድደዋል። አሉሚኒየም ካርቦን ላይ ለዘለቄታው የሚጣበቅ ከሆነ በመካከል አንድ ንብርብር መስታወት ፋይበር ይግባ፤ አለዚያ አሉሚኒየሙን ዝገት ይበላዋል።

ሂሳብ ያዥ፦ ዋጋ ሳላይ አልፈርምም። ኦቨኑ ያገለገለ ይሁን፤ መቆጣጠሪያው፣ ናይለን ፊልሙና ኤፖክሲው ሦስት ሦስት ፕሮፎርማ ይምጣ። የመብራት ፍጆታው ከቆጣሪው ተነብቦ በእያንዳንዱ ዙር ይመዝገብ፤ ተጠቃሚው በዚያ ይከፍላል።

አስተባባሪ፦ የተሻሻለው አንቀጽ 4 (ሙቀት)፦ «ዕቃው በቫኪዩም ሥር በክፍል ሙቀት 24 ሰዓት ይቆያል። ከዚያ ከሞልዱ ሳይወጣ ኦቨን ይገባል፤ ሙቀቱ በሰዓት 20 ዲግሪ ብቻ ይጨምራል፤ 40 ላይ 2 ሰዓት፣ 60 ላይ 2 ሰዓት፣ 80 ላይ 5 ሰዓት። በሩ ሳይከፈት ከ40 በታች እስኪወርድ ይጠበቃል።» እስኪቀዘቅዝ ያለው ተጨምሮ ወደ 15 ሰዓት ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት የገባ ማታ 4 ሰዓት ገደማ ያበቃል፤ በማግስቱ ጠዋት ይወጣል። የሬዚኑ አምራች የተለየ ካለ የአምራቹ ይበልጣል።

የድሮን ሠሪ፦ እስማማለሁ። ሙቀቱ ቀስ ብሎ መውጣቱ ግን ለምን እንደሆነ ይጻፍበት፤ ሰው የማያውቀውን ደንብ ያሳጥራል። በክፍል ሙቀት የደረቀ ሬዚን ከዚያ ሙቀት ብዙም ሳይርቅ ይለሰልሳል፤ እየሞቀ ሲሄድ ነው የሚችለው ሙቀት አብሮ የሚያድገው። ሙቀቱ ከቀደመው ዕቃው ይጣመማል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ክፍሉ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድም ሬዚኑ ይወፍራል፤ ላዩ ላይ ቅባት መሰል ነገር ይወጣል። በእነዚያ ወራት የመጀመሪያው ሌሊትም ኦቨኑ ውስጥ ይሁን፤ ቫኪዩሙ ሳይነቀል፣ በ30 ዲግሪ።

የማቀዝቀዣ ባለሙያ፦ ፈተናም ይግባ። ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ከዚያው ቅልቅል አብሮ ይደርቃል። ቁራጩ በአንድ ጫፉ ታስሮ፣ በሌላው ክብደት ተንጠልጥሎ፣ ኦቨኑ 5 ዲግሪ እየተጨመረ መታጠፍ የሚጀምርበት ሙቀት ይመዝገብ። ዕቃው ራሱ በሳንቲም ይንኳኳ፤ ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የተላቀቀው ቦታ ያፍናል። ያፈነ ቦታ ያለበት የእግር ድጋፍ ለሰው አይሰጥም።

አስተባባሪ፦ ሁሉም ገብቷል። ኦቨኑ እንደተገዛ የመጀመሪያው ሥራ ባዶውን መለካት ነው፤ አምስት ቴርሞካፕል፣ አራቱ ማዕዘን ላይ አንዱ መሐል፣ 80 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት። በመካከላቸው ከ5 ዲግሪ በላይ ልዩነት ካለ ትሪውና ፋኑ ይስተካከላሉ፤ እስከዚያ ማንም ጨርቅ አይቁረጥ። የኤሌክትሪኩና የማቀዝቀዣው አባላት ልኬቱን ትይዛላችሁ፤ ሂሳብ ያዥ ፕሮፎርማዎቹን እስከ ዓርብ ይጠብቃሉ።