ከኤድንብራ ዲሲ፦ ታክሱ ከቲኬቱ ሲበልጥ

ሰላም ለሁላችሁ።

ትናንት ከግላስጎው የጻፍሽው እህቴ፣ ጉዳዩ እኔንም ስላንገበገበኝ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ። «ነሐሴ ላይ ለወንድሜ ልጅ ሰርግ ለአምስት ሰው ዲሲ ደርሶ መልስ ጠይቄ ታክሱ ብቻ አስደነገጠኝ፣ ድሮ ከኤድንብራ አሜሪካ በ69 ፓውንድ ይኬድ አልነበር ወይ?» ነው ያልሽው። ነበር። ሕልም አይደለም።

በ2017 ኖርዌጂያን የሚባለው ርካሽ አየር መንገድ ከኤድንብራ እየተነሳ ኒውዮርክ ግዛት ወዳለው ስቱዋርት፣ ወደ ፕሮቪደንስ እና ሃርትፎርድ አጠገብ ወዳለው ብራድሊ መብረር ጀመረ። ዋናዎቹ ኤርፖርቶች ውድ ናቸው፣ ስለዚህ ትንንሾቹን መረጠ። እኛም በዚያው ሄድን። ስቱዋርት ወርዶ ማንሃተን ለመግባት ወደ መቶ ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ነው፣ ሻንጣም ለብቻው ይከፈላል። ባለቤቴ ሻንጣ አልከፍልም ብላ በርበሬውን በእጅ ቦርሳ፣ በልጆቹ ሹራብ መሀል ጠቅልላ ይዛ ነበር። ፍተሻ ላይ አንዱ ወጣት ከፈት አድርጎ አሸተተው። ከዚያ በኋላ ማስነጠሱ አላቆመም፣ እኛም ሰልፉን አስቁመን ይቅርታ ስንጠይቅ ቆየን።

አሁን ሂሳቡን ተመልከቺ። ማስታወቂያው «በአንድ መንገድ ከ69 ፓውንድ ጀምሮ» ይል ነበር። በዚያው ዓመት ከብሪታንያ ተነስቶ አሜሪካ በኢኮኖሚ ለሚሄድ ሰው መንግሥት የሚቀበለው የመነሻ ታክስ ደግሞ 75 ፓውንድ ነበር። ታክሱ ከማስታወቂያው ዋጋ ይበልጣል!

ነገሩ የሚከፋው ታክሱ በመቶኛ ስላልሆነ ነው፣ በነፍስ ወከፍ ነው። ቲኬቱን በ900 ፓውንድ የገዛውም በ250 የገዛውም በኢኮኖሚ ከተቀመጠ እኩል ይከፍላል። ለመጀመሪያው ትንሽ ነገር ነው፣ ለሁለተኛው ግን የቲኬቱ ሲሶ ሊሆን ነው። ከለንደኑ ሂትሮ ኤርፖርት የሚነሳውን ትልቅ አየር መንገድ ከፊት ያሉት የቢዝነስ ወንበሮች ይደጉሙታል። ከትንሽ ከተማ በርካሽ የሚበረው ግን ያለው ርካሽነቱ ብቻ ነው፣ ዋጋው ከፍ ካለ ሰው ይቀርበታል፣ ታክሱን እሱ ልቻለው ካለም ይከስራል።

በ1994 ሲጀመር እኮ ለቅርብ 5፣ ለሩቅ 10 ፓውንድ ነበር። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ለአሜሪካ 102 ፓውንድ ሆኗል። አዲስ አበባም እዚያው 102ቱ ውስጥ ናት፣ ምክንያቱም ታክሱ በርቀት ይመደባል፣ ርቀቱም የሚለካው ከለንደን እስከ አገሩ ዋና ከተማ ነው፣ ዋሽንግተንም አዲስ አበባም አንድ ምድብ ውስጥ ይወድቃሉ። ስለዚህ አገር ቤት ሄድሽም ዲሲ ሄድሽም ያው ነው።

የስኮትላንድ መንግሥት ታክሱን በግማሽ እቀንሳለሁ ብሎ ነበር። በ2017 ሕግ ወጣለት፣ ከዚያ ተጓተተ፣ በ2019 ደግሞ ለአየር ንብረት ሲባል ቀርቷል አሉን። ኖርዌጂያን ግን ያን አልጠበቀም፣ በ2018 መጀመሪያ የብራድሊውን በረራ ሲያቆም የታክሱን ነገር አንስቶ ነበር። አየርላንዶች በበኩላቸው ከኤፕሪል 2014 ጀምሮ ታክሱን ጨርሰው አነሱት።

ከቤልፋስት፦

ጋሼ፣ ሁሉንም ታክሱ ላይ አይጣሉት እንጂ። እኛ ጋ፣ ሰሜን አየርላንድ፣ ከ2013 ጀምሮ በቀጥታ ለሚሄድ ረጅም በረራ ታክሱ ዜሮ ነው። ኒውዮርክ አጠገብ ወዳለው ኒውዋርክ የሚሄደውን የዩናይትድ አየር መንገድ በረራ ለማቆየት ነበር ዜሮ ያደረጉት። በ2017 መጀመሪያ ዩናይትድ ጥሎን ሄደ። ኖርዌጂያንም መጣ፣ እሱም ሄደ። ደብሊን በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ሰው ሁሉ እዚያ ሄዶ ይበራል። ለምን ግላስጎው ያለችው እህታችን በርካሽ ደብሊን ገብታ ከዚያ አትሄድም? የአሜሪካ ኢሚግሬሽን እዚያው ደብሊን ይፈትሽሻል፣ ስትደርሺ ሻንጣሽን ይዘሽ መውጣት ነው።

መልስ፦

እውነትህን ነው ወንድሜ። ታክስ የሌለባት አየርላንድ ራሷ ኖርዌጂያን ከኮርክና ከሻነን ኤርፖርቶቿ የሚያደርገውን በረራ ማትረፍ አልቻለችም። በማርች 2019 ኖርዌጂያን የሚጠቀምባቸው ማክስ የሚባሉት አውሮፕላኖች እንዳይበሩ ታገዱ፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የአየርላንዱን የአሜሪካ በረራ ዘጋው። እኔ የምለው፣ ርካሹ በረራ ከመጀመሪያው በቋፍ ያለ ነው፣ ታክሱ ላዩ ላይ ይጨመርበታል።

የደብሊኑ መላ ግን ለሁሉም አይሆንም። ሁለት ቲኬት ለየብቻ ከተገዛ እስከ ደብሊን ያለው ታክስ 15 ፓውንድ ብቻ ነው፣ ይህ እውነት ነው። ባንድ ቲኬት ከሆነ ግን እስከ መጨረሻው መድረሻ ተቆጥሮ 102ቱን ይወስዱታል። ለየብቻ ስትገዢ የመጀመሪያው በረራ ከዘገየ ሁለተኛው አይጠብቅሽም፣ አምስት ሰው ደብሊን ላይ ወለል ላይ ያድራል። ደግሞ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው እዚህ መኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም የአየርላንድ ቪዛ ያስፈልገዋል። ከቤልፋስት በአውቶቡስ ሲገባ ድንበር ላይ ኬላ ስለሌለ ብዙ ሰው የማያስፈልግ ይመስለዋል። ሕጉ ግን ያው ነው፣ እባካችሁ በዚህ እንዳትቀልዱ።

ሌላ መላ በሰሜን ስኮትላንድ፣ ሃይላንድ በሚባለው አካባቢ ያለችው ኢንቨርነስ ናት። ከስኮትላንድ ሃይላንድ ኤርፖርቶች የሚነሳ ተሳፋሪ ይህ ታክስ አይመለከተውም። ባንድ ቲኬት ከኢንቨርነስ በለንደን ወይም በአምስተርዳም አድርገሽ ከሄድሽ ይቀርልሻል። ከኤድንብራ በባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የባቡሩን ሂሳብ ጨምረሽ አስቢው፣ ለአምስት ሰው ላያዋጣ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ግን የልጆቹን እይ። በኢኮኖሚ የሚሄድ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ይህን ታክስ አይከፍልም። የትኬት ቢሮዎች ሲስተም ግን 12 ዓመት የሞላውን እንደ አዋቂ ይመዘግበዋል። እኔ ከሁለት ዓመት በፊት የ13 ዓመት ልጄን 88 ፓውንድ ተቆርጦበት ነበር፣ ስሙን የማልጠራው ወኪል «ሲስተሙ ነው» እያለ ሦስት ሳምንት አመላለሰኝ፣ በመጨረሻ ግን መለሰ። የታክስ ዝርዝሩ እንዲላክልሽ ጠይቂ። በእንግሊዝኛ ጂ እና ቢ ፊደል ያለበት መስመር ይኸው ታክስ ነው። ዩ እና ቢ የሚለው የኤርፖርቱ ክፍያ ነው፣ እሱን ተዪው። ጉዞው ከቀረብሽም ታክሱን መልሱልኝ በይ፣ ተሳፋሪው ካልበረረ አየር መንገዱ ለመንግሥት አይከፍለውም። አንዳንዶቹ ለማስመለሻ የሚቆርጡት ግን ከሚመልሱት ሊበልጥ ይችላል።

ከግላስጎው፦

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። አሁን ዝርዝሩን አውጥቼ አየሁት። የ9 ዓመቷ ላይ የለም። የ13 እና የ15 ዓመቱ ላይ ጂ ቢ 102፣ 102 ተብሎ ተቀምጧል! ነገ በጠዋት እደውልላቸዋለሁ። ግን ትልቁ 16 ሊሞላው ነው እኮ፣ የሚታየው ቲኬቱ የተገዛበት ቀን ነው ወይስ የሚበርበት?

መልስ፦

የሚበርበት ቀን ነው። ልደቱ መቼ ነው?

ከግላስጎው፦

በረራው ነሐሴ 6፣ ልደቱ ነሐሴ 19። ለጥቂት!